ገና አልወረደም

ጥቅምት 4

ለአባባ፣ ለእታለም፣ ለጉልቤ፣ እዚያ ቤት ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አፍንጫዬ ከመላጡና ሁለት የእግር ጥፍሮቼ ከመጥቆራቸው በቀር ደህና ነኝ።

ተራራውን ወጣሁት! እታለም፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። ወጣሁት። ጫፉ ላይ የቆየነው አንድ ኩባያ ሻይ እንኳን ጠጥቶ ለመጨረስ ለማይበቃ ጊዜ ነው። ነፋሱ እንደ ሰው ይገፋል። መሪያችን «ፎቶ ተነሡና እንውረድ!» እያለ ሲጮህብን እኔ አፌን የሸፈንኩበትን ጨርቅ ገልጬ የሁላችሁንም ስም ጠራሁ። ከንፈሬ ደንዝዞ ስለነበር ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም፤ ግን ጠርቻችኋለሁ።

አሁን ምስጋናዬን ላድርስ። አባባ፣ ከሁሉ በፊት እርስዎን። በልጅነቴ ልስን ሲሠሩ ሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ አቁመው «ታች ታች አትይ፣ እጅህ የያዘውን እይ» ያሉኝ ነገር እዚያ በረዶ ላይ አዳነኝ። ይህን እግር የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ጉልቤ ወዳጄ፣ አምና ክረምት ወፍጮ ቤትህን ዘግተህ፣ የዱቄት ጆንያ አሸክመህ፣ ደረጃ ለደረጃ ስታሯሩጠኝ የሰደብኩህን ስድብ ሁሉ አንስቻለሁ። የመሥሪያ ቤቴ ጓደኞች ጫማውን ገዝተውልኛል፤ እንደዚያ ያለ ጫማ በዕድሜዬ አድርጌ አላውቅም፣ ውሃ አያስገባ፣ አያንሸራትት። ሥራ አስኪያጃችንም ፈቃድ ሰጥተውኛል። እህቴንም አመሰግናለሁ።

በዚህ ሳምንት ልመጣ አስቤ ነበር። ነገር ግን የተራራ ወጪዎች ክበባችን እሑድ የእንኳን ደስ አላችሁ ዝግጅት አለው፤ ከዚያ ደግሞ ሁለት ትምህርት ቤቶች ንግግር አድርግልን ብለውኛል። እሱን እንደጨረስኩ እከንፋለሁ። አባባ በስልክ ድምፃቸው ደከም ብሎብኛል፤ ጉንፋን ነው አሉኝ። ማር በሎሚ አድርገሽ ስጪያቸው።

የናንተው


ጥቅምት 9

ለወንድሜ፣ ለተራራ ወጪው፤

እንኳን ደስ አለህ። ይህን ያልኩት ከልቤ ነው፤ ከታች የሚመጣው እንዳያበላሸው ብዬ አስቀድሜዋለሁ።

ደብዳቤህን እንዳዘዝከው ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባባ «ድገሚው» አሉኝ፣ ደገምኩት። ጉልቤ ስሙ ሲነሣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሰገደ። ከዚያ «እህቴንም አመሰግናለሁ» የምትለዋ ላይ ደረስኩ። ጉልቤ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ገለበጠውና «ቀሪውስ የታል?» አለ። ቀሪ የለውም። ጫማው እንኳን ውሃ አለማስገባቱ ተመስግኖለታል። እኔ «እህቴንም» ነኝ። አንተ ደመና ስታሳድድ ይህን ቤት ማን የያዘው መሰለህ? ቀኑን ሙሉ ላውንደሪ ቤት ቆሜ የሰው ኮሌታ ስተኩስ እውላለሁ፤ ስገባ ደግሞ አባባ አሉ፣ ድስቱ አለ፣ የሚፈላው ውሃ አለ።

የተናደድኩት ግን በዚህ አይደለም። በዚህም ተናድጃለሁ፣ መዋሸት ምን ያደርጋል፤ ዋናው ግን ሌላ ነው።

ባለፈው ስትደውል ለምን ስልኩን ጆሮህ ላይ እንደዘጋሁብህ ግራ ሳይገባህ አልቀረም። ስልኩ ያለው ከአባባ ራስጌ ነው። እሳቸው እየሰሙ የማልናገረው ነገር አለ። እሳቸው ባይሰሙም ለአንተ እንዳልናገር በእናታችን አስምለውኛል። ስለዚህ ልጽፍልህ የምችለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ና። ንግግርህን ጨርሰህ ሳይሆን አሁን። «ለምን?» አትበለኝ። ጉንፋን አይደለም። አንድ ቃል ብጨምር መሐላዬ ፈረሰ።

ያላስማሉኝን ልንገርህ። አባባ በየጠዋቱ ጢማቸውን ይላጫሉ። «ልጄ ዛሬ ሳይመጣ አይቀርም» ይላሉ። ንጹሕ ሸሚዝ አስወጥተው ይለብሱና ከወገባቸው በታች ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ በር በሩን ሲያዩ ይውላሉ። መኪና ባለፈ ቁጥር ኮሌታቸውን ያስተካክላሉ። ሲመሽ ሸሚዙን አውልቄ እሰቅለዋለሁ። የስንቱን ሰው ሸሚዝ ስተኩስ ኖሬያለሁ፤ እንደዚህ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ሸሚዝ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

«እህቴንም» ነኝ


ጥቅምት 14

ለእታለም፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ ሲሚንቶ እያስራገፍኩ፣ ቆሜ ነው። ሠራተኞቹ ፊቴን አይተው ሰው የሞተብኝ መስሏቸው «እግዜር ያጽናህ ፎርማን» ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው።

እሺ፣ ስለ «እህቴንም» ጥፋተኛ ነኝ። አንቺ ጋ ስደርስ ወረቀቱ አልቆ ነበር። አትስቂ፣ እውነቴን ነው። አንቺም ግን አንድ ነገር እወቂልኝ። በዕድሜዬ አንድ ቀን የራሴ የምለው ነገር ሠራሁ። እሷንም ቀን ጎትተሽ ወደ ካውያና ወደ ድስት አወረድሽብኝ። «ና!» ልክ እንደ ልጅነታችን፣ ኳስ ስጫወት በመስኮት ብቅ ብለሽ ሰፈሩን እንደምታናውጪው። ምክንያቱን ስልሽ መሐላ ትያለሽ። አባባን ደውዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ! «እህትህ ነገር ታበዛለች፣ አንተ ዝግጅትህን ጨርስ» አሉኝ። ማንን ልመን? ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ካለ በቀጥታ ንገሪኝ፤ የለም ከሆነ ተይኝ።

ይልቅ የምሥራች አለኝ። ሥራ አስኪያጁ የሚመጣው ቅዳሜ በትልቁ አዳራሽ የእራት ግብዣ ያደርጋሉ። ቤተሰቤን መድረክ ላይ አውጥቼ ማመስገን እፈልጋለሁ ብያቸው ፈቅደዋል። አባባ ክንዴን ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጭብላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፎቅ ሲለስኑ ኖረው አንድ ሰው አጨብጭቦላቸው ያውቃል? ስለ አንቺም አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌያለሁ፣ በቃሽ? ዓርብ የመሥሪያ ቤቱ መኪና መጥቶ ይወስዳችኋል። ጥቁር ሱፋቸውን ተኩሺላቸው። ጫማቸውንም አስጠርጊ።

እንግዲህ ከዚህም ወዲያ የምትቆጪ ከሆነ ቅናት ካልሆነ በቀር ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ይህን ስጽፍ እያዘንኩ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 18

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። ጉልቤ ወፍጮውን ለወንድሙ ትቶ ራሱ ይዞልህ ይመጣል። አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ እንዲቆም ነግሬዋለሁ። ከዚያ አብረኸው ተሳፈር። ዛሬ ሰላምታ የለም።

የአባባ ቀኝ እግር መቆረጥ አለበት።

ስኳራቸውን ታውቃለህ። አንተ ወደ ተራራህ ከመሄድህ ትንሽ ቀደም ብሎ አውራ ጣታቸው ላይ ቁስል ወጣ። ጫማ ነክሶኝ ነው እያሉ ካልሲያቸውን ሳያወልቁ ይተኙ ጀመር። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። በግድ አስወልቄ ሳየው ጣቱ ጠቁሯል። ሐኪሙ ዛሬ ነገ ሳትሉ መቆረጥ አለበት አለ፤ እሳቸው ወረቀቱ ላይ አልፈርምም አሉ። «ልጄ ከላይ ነው» አሉ።

ያችን ሕጋቸውን ታውቃታለህ፣ አብረሃቸው ሠርተሃል። መወጣጫ ላይ ላለ ሰው ከታች ሆኖ ክፉ ወሬ አይነገርም። ያ ለሳኝ ጓደኛቸው ሚስቱ ከታች ጮኻ «ልጅህ ታመመ!» ስትለው፣ ዞር ሲል እግሩ እንጨቱን ስቶ ወድቆ ከሞተ ወዲህ እሳቸው ባሉበት ሥራ ማንም ቀና ብሎ አይጣራም። ሰውየው እስኪወርድ ይጠበቃል። የሚለስንበትን ካዙላ ያስቀምጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ይነገረዋል። መልካም ሕግ ነው። አንተ በረዶ ላይ እያለህ ይህ ወሬ ቢደርስህ ምን ትሆን ነበር ብዬ እኔም ተቀበልኩ። ማልኩላቸው።

ከዚያ ወረድክ። ስልክህ መጣ፣ እልል ስትል ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እኔ ነጠላ ጫማዬን ቀይሬ ሐኪም ቤት ልወስዳቸው በር ላይ ቆሜያለሁ። ስልኩን ዘጉና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ገና አልወረደም። ድምፁን አልሰማሽም? ገና ጫፉ ላይ ነው። ይምጣ፣ ቆሜ ልቀበለው፣ ምስጋናውን ከአፉ ልስማው፣ ከዚያ የፈለጉትን ይቁረጡ።» ቆመው ሊቀበሉህ! ጢማቸውን የሚላጩት ለዚህ ነው። ሸሚዙም፣ ብርድ ልብሱም። አንተ ደግሞ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ትዞራለህ። አገር ምድሩን አመስግነህ አልጨርስ አልክ እኮ!

ጥፍሮቼ ጠቁረዋል ብለህ ጽፈህልናል። አነበብኩላቸው። ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና «አይዞህ፣ ጥፍር ይበቅላል በሉት» አሉ። ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ። ሁለታችሁንም ልጠላችሁ ሞከርኩ፤ በእሳቸው አቃተኝ፣ በአንተ ግን ትንሽ ተሳክቶልኛል።

ሱፋቸውን ተኩሺ ብለኸኛል። ተኮስኩት። እጄ ሥራ ካጣ ያብዳል፣ ያን ታውቃለህ። የሱሪው ቀኝ እግር ላይ ስደርስ ካውያውን ከግድግዳው እንዳላላትመው ጥርሴን ነከስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ አንተ ከቆጡም በላይ ወጣህ።

ቅናትም ብለኸኛል። አዎ፣ እቀናለሁ። ከዚህ ቤት አንድ ሳምንት የምሸሽበት ተራራ ባገኝ እኔም በአራት እግሬ ድሄ በወጣሁት። ስወርድም ለማንም ምስጋና አልጽፍም ነበር፤ ዝም ብዬ እተኛ ነበር።

መሐላዬን አፍርሻለሁ። እናታችን ትፍረደኝ። ጉልቤ እያየህ ነው፣ ተነሥ።

እህትህ


ኅዳር 6

ለእታለም፤

ጤና ይስጥልኝ። በደህና ገብቻለሁ። ፈቃድ አልቆ ነው እንጂ አሁን ከዚያ መውጣቴ ለእኔም አልተዋጠልኝም። ግብዣው ቀርቷል፤ ሥራ አስኪያጁ «ሌላ ጊዜ» ሲሉኝ «ሌላ ጊዜ የለም» ብያቸው ወጥቻለሁ፣ ተቀይመውኛል።

ከተመለስኩ ጀምሮ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁት ያለው አንድ ነገር ነው። ጉልቤ ከመኪናው ወርዶ ቀድሞኝ ሮጦ ገብቶ ነበር፤ በሩን ስከፍተው አባባ በእሱ አንገት ተንጠልጥለው ቆመዋል። በሱፍ። ላብ ከግንባራቸው እየወረደ። «እስቲ ምስጋናህን ንገረኝ» አሉኝ። ያ በሁለት ትምህርት ቤት የለፈለፈ አፍ ያወጣው አንዲት ቃል ነው። «ቆየሁ?» ብቻ አልኩ። ማርያምን፣ ያልኩት እሷን ብቻ ነው።

አሁን ግን ልናገር። ተናድጃለሁ፣ በአንቺ። እግራቸው ሲቆረጥ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ አጠገብሽ ተቀምጬ ዝም ያልኩት ሰው ስለነበረ ነው። መሐላ ከእግር ይበልጣል? «ጉንፋን አይደለም»! ምን ማለት ነው «ጉንፋን አይደለም»? እግር ብትይኝ ምን ነበረበት? ሦስት ፊደል ነው፣ እታለም! አንቺ ያን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ስትከቺ እኔ ኬክ እየቆረስኩ ነበር። ሰው እያጨበጨበ፣ እኔ በአባቴ ስም ብርጭቆ እያነሣሁ።

ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ ተመካከራችሁብኝ። አንቺ፣ እሳቸው፣ ያ ጅላጅል ወፍጮ ፈጪም ጭምር። ስለ እኔ ማሰባችሁ መስሏችኋል። እኔን ግን እንደ ሕፃን ነው የቆጠራችሁኝ፤ በረዶ ላይ የሚቆም ወንድ ክፉ ወሬ መሸከም ያቅተዋል አላችሁ። በዚህ ይቅር ልልሽ አልቻልኩም። ሞክሬ ነው የምነግርሽ።

ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አጥፌ ጨምሬልሻለሁ። አንድ ጥያቄ ነው ያለበት። ለአባባ እንዳታነቢው። ሐኪሙን ፊት ለፊት ልጠይቀው ሁለት ቀን በሩ ላይ ቆሜ ወኔ ከዳኝ። አንቺ ጠይቀሽዋል፣ ካንቺ ፊት አውቄያለሁ። እውነቱን ብቻ ጻፊልኝ። እስክትመልሺልኝ እዚያ ቤት አልመጣም። የእሳቸውን ዓይን ማየት አልችልም።

ወንድምሽ


ኅዳር 14

ለወንድሜ፤

ጤና ይስጥልኝ። ወረቀትህ ደርሶኛል። መልሱን እሰጥሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን የአባትህን ወሬ ሰምተህ ነው።

ይበላሉ። ይሳደባሉ። ጉልቤ ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያሸጋግራቸው «ዱቄት አይደለሁም፣ አታራግፈኝ!» እያሉ ሰፈሩን ያሰማሉ። ትናንት በክራንች መሄድ ሲለማመዱ ክራንቹ ግድግዳውን መታውና ልስኑ ተፈረፈረ። ቆመው ሲያዩት ቆዩና «የማነው ደንቆሮ እንዲህ አድርጎ የለሰነው?» አሉ። እሳቸው ናቸው። ስነግራቸው «አይደለሁም» ብለው ክደው ተቀመጡ። የሌለው እግራቸው ያሳክካቸዋል። «እከኪልኝ» ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ አንሶላው ላይ አየሩን አካለሁ። «ትንሽ ወደ ታች» ይሉኛል። ወደ ታች እወርዳለሁ። «እሰይ» ይላሉ።

ይቅር ልልሽ አልቻልኩም ብለሃል። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁህም፤ ስለዚህ በዚህ እኩል ነን። እንደ ሕፃን ቆጠራችሁኝ ያልከው ግን እውነት ነው። ስትገባ አየሁህ እኮ። ሳትጮህ፣ ሳትወድቅ፣ ሱፋቸውን አውልቀህ፣ አቅፈህ ወደ መኪናው ወሰድካቸው። ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የተናደድኩት፤ ይህን ሁሉ ቀን ብቻዬን የተሸከምኩት ለምንድን ነው ብዬ።

ወረቀትህን ለአባባ አላነበብኩላቸውም። እሳቸው ግን ሞኝ አይደሉም። ፖስታውን እጄ ላይ ሲያዩ «ጠየቀሽ አይደል?» አሉኝ። «አይ በይው። ምንም ለውጥ አልነበረውም በይው። ልጁን አታቃጥይው።» ከዚያ እንደዚያን ጊዜው ሊያስምሉኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። እጄን ወደ ኋላዬ አደረግሁ። «በዚህ ቤት ከእንግዲህ አልምልም» አልኳቸው። ተኮራርፈናል። ሻይ እንኳን በጉልቤ በኩል ነው የሚጠይቁኝ።

እንግዲህ ቁጭ በል።

ሐኪሙን ለብቻው ጠይቄዋለሁ። አንተ የወረድክ ሰሞን ተቆርጦ ቢሆን ከጉልበት በታች ይበቃ ነበር። ጉልበታቸው ይተርፍ ነበር። ጉልበት ካለ ሰው ሠራሽ እግር አድርገው ይሄዳሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ፤ ያለ ጉልበት ግን በእሳቸው ዕድሜ ከባድ ነው አለ። ስንጠብቅህ ቁስሉ ወደ ላይ ሄደባቸውና ከጉልበታቸው በላይ ተቆረጠ።

መልሱ አዎ ነው።

አንተ ስለቆየህ፣ እሳቸው ግትር ስለሆኑ፣ እኔ መሐላዬን ይዤ ስለተቀመጥኩ። ይህን የምጨምረው ላቀልልህ አይደለም። ያንተን ድርሻ ልሸከምልህ አልችልም፤ የእኔንም አንተ አትችልልኝም። አሁንም ተናድጃለሁ፣ ምናልባት እንደተናደድኩ አረጃለሁ።

ይህን እያወቅህ ና። እሳቸው እንደማታውቅ አድርገው ያጫውቱሃል፤ አንተ ግን እንደማያውቅ ሰው ሆነህ አትሳቅላቸው፣ ያውቁብሃል። ምስጋናም ይዘህ አትምጣ፣ ጠግበናል። «አይ» ካልተባልኩ አልመጣም የምትል ከሆነ ደግሞ ቅር፤ ሁለተኛ አልጠራህም።

ሐሙስ ጠዋት ፋሻቸው ይቀየራል። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ጉልቤ ቁስል ሲያይ ራሱን ይስታል። ነርሷ ስትፈታው በጣም ያማቸዋል፣ ትከሻቸውን የሚይዝላቸው ሰው ያስፈልጋል።

እህትህ